ስጋት የሌለባት መንደር፦ ከናዳ ሥር ለአደጋ መከላከል ኃላፊው የቀረበ ምስጋና

ሰኔ 5 ቀን 2005 ዓ.ም.
ናዳ ሥር

ይድረስ ለክቡር የወረዳችን የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ነጠላዬን አደግድጌ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ። ለመሆኑ ጤናዎ እንደምን ነው? ቤተሰብዎ፣ የሥራ ባልደረቦችዎ፣ ከጽሕፈት ቤቱ በስተጀርባ ጎማ እየጠበቀ የቆመው መኪናዎ፣ ሁሉም ደህና ሰነበቱ? የመኖሪያ ቤትዎ ግድግዳ ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ በሩም ሲገፉት ሳይታገል እንደሚከፈት፣ ሰማዩ ሲያጉረመርምም ልጆችዎን በዐይንዎ ሳይቆጥሩ ምሳዎን እንደሚጨርሱ ተስፋ አደርጋለሁ። እንዲህ ያለውን ጤና ፈጣሪ እስከ ዕድሜዎ ፍጻሜ ያዝልቅልዎ።

በእኛ አገር ደብዳቤ ሲጻፍ ከሰላምታው ቀጥሎ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብሎ ማስከተል ወግ ነው። ለመንደሩ ሰው ደብዳቤ መጻፍ ከጀመርኩ አርባ ዓመት አልፎኛል፤ ለወታደሩም፣ ወደ ወባ አገር ለሰሊጥ አጨዳ ለሄደውም፣ ለተማሪውም ስጽፍ ይህችን መስመር ያስቀረሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ዛሬ ግን ሆን ብዬ ዘልያታለሁ። ንቀት እንዳይመስልብኝ ምክንያቱን ወደ ታች ስወርድ እገልጻለሁ።

እኔ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል እባላለሁ፤ በናዳ ሥር ቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዜማ አስተምራለሁ። መንደራችን ከደባርቅ ወደ ቡይት ራስ ከሚያወጣው መንገድ ተገንጥሎ የሁለት ሰዓት ቁልቁለት ነው፤ በበጋ መኪና የሚያስገባ ጥርጊያ አለን፣ በክረምት እግር ብቻ። ይህ ደብዳቤ በገበያ ቀን ደባርቅ ላይ ስለሚለጠፍ የወረዳውን ስምና የእርስዎን ስም ሳልጠቅስ አልፌያለሁ፤ የሚመለከተው ሰው ራሱን አያጣውም።

ነገሩን ላሳጥረው። ከመንደራችን በላይ ያለው ተራራ ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ በታች ሠላሳ አንድ ቤት፣ መቶ ስድሳ አራት ነፍስ አለን። ከስንጥቁ ማዶ፣ ዓለት ላይ የተቀመጠ ላይ ሜዳ የሚባል የወል ግጦሽ አለ፤ የሐምሌ ዝናብ ሳይጠና ወደዚያ እንድንወጣ የእርስዎ አንድ ፊርማ ያስፈልገናል። ልመናዬ ይህ ብቻ ነው። ዳሩ ግን ልመና ከምስጋና ኋላ ሲመጣ ስለሚያምር፣ የተዋለልንን ውለታ በቁጥር አስቀድሜ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ካርታው እናመሰግናለን። በቢሮዎ ግድግዳ ላይ የወረዳው ቀበሌዎች ሁሉ እንደየአደጋ ስጋታቸው ቀለም ተቀብተው የተሰቀሉበትን ትልቅ ካርታ ቆሜ አይቼዋለሁ። ከፍተኛ ስጋት ያለበት ቀይ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ ስጋት የሌለበት አረንጓዴ ነው። እኛ አረንጓዴ ነን፤ አረንጓዴውም ደስ የሚል፣ የጤፍ ቡቃያ የመሰለ አረንጓዴ ነው። አያቶቻችን ቅጽ ሳይሞሉ፣ አበል ሳይከፈላቸው፣ ጥጉን ተመልክተው ናዳ ሥር የሚል ስም አወጡለትና ራሳቸው ግን ላይ ሜዳ ላይ ቤት ሠርተው ኖሩ። በ1978 ዓ.ም. የመጡ ካድሬዎች መንደር እንመሥርትላችሁ ብለው ከሜዳው ወደ ጥጉ አወረዱን። የአያቶቻችን ጥናት ተሳስቶ እንደነበር ያወቅነው በእርስዎ ካርታ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ምስክር ወረቀቱ። ቀበሌያችን «ስጋት አልባ ሞዴል ቀበሌ» ተብሎ በመስተዋት የተከደነ የምስክር ወረቀት ተሸልሟል። ከሚያዝያ ወዲህ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ስለተሰነጠቀ፣ ሊቀ መንበሩ ምስክር ወረቀቱን ከነበረበት አንሥተው ስንጥቁ ላይ ሰቅለውታል። ከሞላ ጎደል ይሸፍነዋል። ሁለት ቢሆን ኖሮ ሙሉ በሙሉ በሸፈነልን ነበር፤ ሌላ ሽልማት የታሰበልን እንደሆነ ሰፋ ያለ ቢሆን እንመርጣለን።

ሦስተኛ፣ ስለ መልስዎ ፍጥነት። ሚያዝያ ላይ ገዱ የሚባለው ጎረቤቴ በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ ማረሻው ሾልኮ እስከ እርፉ ድረስ መሬት ዋጠው። ጎትቶ ሲያወጣው ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አገኘ፤ ተከትሎት ቢሄድ ከምንጩ በላይ ተነሥቶ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ይደርሳል። በሳምንቱ የምንጩ ውኃ ቀይ ጭቃ መትፋት ጀመረ። ከዚያ በሮቻችን አልዘጋ አሉ፤ ቤቱ ሲያዘነብል መቃኑ ስለሚጣመም ማለቴ ነው። ሚያዝያ 28 ቀን ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ጻፍኩልዎ፤ ግንቦት 14 ቀን መልስ ሰጡን። በዐሥራ ስድስት ቀን መልስ ያገኘ ቀበሌ በወረዳችን ታሪክ አለ ቢሉኝ አላምንም።

መልሱ እንዲህ ይላል፦ «በተካሄደው የወረዳ አደጋ ስጋት ጥናት ቀበሌው ከመሬት መንሸራተት ስጋት ነፃ መሆኑ የተረጋገጠ ስለሆነ የቀረበውን የሰፈራ ለውጥ ጥያቄ ለማስተናገድ የምንቸገር መሆኑን እየገለጽን፣ ቀጣዩ ጥናት በ2009 ዓ.ም. ሲካሄድ ቅሬታችሁን ማቅረብ የምትችሉ መሆኑን እናስታውቃለን።» ቀጠሮው የሚመለከተው ተራራውንም ስለሆነ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁና ስንጥቁ አፋፍ ላይ ቆሜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ከነቁጥሩና ከነማኅተሙ አነበብኩለት። አፉን እንደከፈተ ነው የቀረው።

አራተኛው ምስጋና የበጎቻችን ነው፤ እነሱን ወክዬ የማቀርበው። ግንቦት 18 ቀን ሠላሳ አንዱም ቤት ተማክሮ፣ አልጋውን፣ እህሉን፣ የጣሪያ ቆርቆሮ ያለውም ቆርቆሮውን ነቅሎ፣ ላይ ሜዳ ወጣን። ልጄ ትሕትና የዐሥራ ሰባት ቀን አራስ ነበረች፤ በቃሬዛ ነው ያወጣናት። ሦስት ቀን በዳስ ሰነበትን። በሦስተኛው ቀን ሚሊሻዎች ወረቀት ይዘው መጡ፤ ሕገ ወጥ ሰፋሪዎች ናችሁ፣ ቦታው በግጦሽነት የተመዘገበ ስለሆነ ሰው እንዲያድርበት አልተፈቀደም፣ ውረዱ አሉን። ሚሊሻዎቹ የራሳችን ልጆች ናቸው፤ አንዱ የትሕትናን ቃሬዛ ከፊት ተሸክሞ እያለቀሰ አወረዳት። ቦታው የግጦሽ ስለሆነ ግን በጎቹ እንዲቆዩ ተፈቀደ። ስለዚህ ዛሬ በናዳ ሥር ከአደጋ ክልል በሕጋዊ መንገድ የወጡት በጎቻችን ናቸው። እዚያ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩን ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ለጽሕፈት ቤትዎ ያላቸው አክብሮት ግን ከፍ ያለ እንደሚሆን እገምታለሁ።

አምስተኛ ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ሰረዝኩት። ቁጥሩ እዚህ ላይ ይብቃ። ከዚህ በኋላ ያለው የእርስዎ ጥፋት ሳይሆን የእኔ ነው፣ በእኔና በሽማግሌዎቹ እጅ የተሠራ ነው፣ በእርስዎ ላይ ሳሾፍ ውዬ የራሴን ብደብቅ ደግሞ ቆሜ የማስቀድስበት ሚካኤል ይታዘበኛል።

ጥናቱ የመጣው ኅዳር 12 ቀን 2004 ዓ.ም. ነው፤ የሚካኤል ዕለት። ሽማግሌ ሁሉ አንድ ቦታ ስለሚገኝ ቀኑ የተመረጠው በብልሃት ነው ብለን ነበር። ከቅዳሴ በኋላ ሰባት ሽማግሌዎች ደጀ ሰላም ተቀምጠን ጠላውና ዳቦው ሲቀርብ ደምለው የሚባል ወጣት ባለሙያ ከመኪና ወርዶ መጣ። ክፋት የሌለበት፣ ታላቅ ሲያይ የሚነሣ፣ ጽዋውንም በሁለት እጁ የሚቀበል ልጅ ነው። ዐሥራ አንድ ገጽ ቅጽ ነበረው። እሱ ሲጠይቅ፣ ሽማግሌው ሲመልስ፣ ጽሕፈት አውቃለሁና ምልክት የማደርገው እኔ እንድሆን ተስማማን። ስለ ድርቅ ጠየቀ፣ ስለ በረዶ ጠየቀ፣ ስለ ተምች ጠየቀ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ባለፉት ሃያ ዓመታት የመሬት መንሸራተት ደርሶባችሁ ያውቃል ወይ፣ የሞተስ ሰው አለ ወይ አለ።

ዳቦውን እየቆረሰች የምታድለን አልጣሽ ነበረች። አልጣሽ በነሐሴ 1993 ዓ.ም. ናዳ ባሏንና ልጇን አንድ ላይ የወሰደባት ሴት ናት። እጇ መሶቡ ላይ እንዳለ ቀረ። እኛ ሰባታችንም መሬት መሬት አየን። በበዓል ቀን፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሐዘንተኛዋ ፊት ለፊት ቆማ ዳቦ እያደለች፣ አዎ ሁለት ሰው ሞቶብናል ብሎ የሚናገር ሰው በእኛ ዘንድ አልተወለደም። ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት አባ ያርጋል ጉሮሯቸውን ጠርገው «ተመስገን ነው ልጄ። በሚካኤል ቀን ክፉ አይነሣም፤ እሱ ይጠብቀናል» አሉ። እኛም «ተመስገን፣ ተመስገን» እያልን ተቀበልናቸው። ደምለው ወደ እኔ ዞሮ፣ እንግዲያው የለም ነው አይደል፣ አለኝ። «የለም» ከሚለው ፊት ለፊት ምልክት አደረግሁ። እኔ ነኝ ያደረግሁት። በዚህ በምጽፍልዎ ብዕር ባይሆን እንኳ በዚህችው እጅ ነው።

ክቡር ሆይ፣ በእኛ አገር ተመስገን መልስ አይደለም። ልጁ የሞተበትም፣ በሬው የወደቀበትም፣ ሲጠየቅ ተመስገን ነው የሚለው። እውነቱን የሚናገረው እንግዳውን ሲሸኝ ነው፤ ማኅበሩ ከተፈታ በኋላ፣ ከሰው ጆሮ ርቆ፣ እስከ ምንጩ ወይም እስከ ገደሉ አፋፍ አብሮ እየሄደ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እዚያ ላይ ስታየው የተቦደሰው ይታይሃል? እዚያ ነው የአልጣሽ ባል የቢራራ ቤት የነበረው» ይላል። አባ ያርጋል ደምለውን ሊሸኙት ከዘራቸውን አንሥተው ነበር። እኔም ጫማዬን አጥልቄ ነበር። ግን ልጁ የመጣው በመኪና ነው፤ በዚያው ቀን ሌሎች ሦስት ቀበሌዎች ይጠብቁት ነበርና ተሳፍሮ፣ እጁን በመስኮት አውለብልቦልን ሄደ። መኪናን ማን ይሸኛል? በእግሩ መጥቶ ቢሆን ኖሮ ገና ምንጩ ጋ ሳይደርስ ሁሉን ይሰማ ነበር። እኛም ዛሬ ቀይ በሆንን ነበር። ሰው ቀይ ለመሆን እንዲህ ይለምናል ብዬ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም።

ስሕተቱን ላርም ብዬ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ ሁለት ጊዜ መጥቻለሁ። ቅጹ በሽማግሌዎች ፊርማና በቀበሌው ማኅተም የጸደቀ ስለሆነ በአንድ ሰው ቃል እንደማይሻር፣ እንዲሻር ከተፈለገ ባለሙያ መጥቶ፣ ከሦስት ያላነሱ ሴቶች ያሉበት ጉባኤ ጠርቶ እንደገና መጠየቅ እንዳለበት፣ ባለሙያው እንዳይመጣ ደግሞ መኪናው ጎማ እንደሚጠብቅ፣ ጎማው ሲመጣም ጥርጊያው በዝናብ እንደሚዘጋ በትሕትና አስረዱኝ። ሁሉም ልክ ነው። አንዱንም ሐሰት ነው ለማለት አልቻልኩም። እዚያው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የስድሳ ስምንት ዓመት ሰው ነኝ፣ አላፍርበትም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። ባለፈው እሑድ አልጣሽ ቤት ሄድኩ። ደፍ ላይ ቆሜ፣ ለእሷ ብለን ዝም ያልነው ዝምታ በቅጽ ላይ ምን ሆኖ እንደተጻፈ፣ ማን እንደጻፈውም ነገርኳት። ይቅርታ ስለምናት መሬት ስሜያለሁ። እሷም ከመሬት አነሣችኝ። ከዚያ «የኔታ፣ እናንተ ለእኔ ብላችሁ ዝም ካላችሁ፣ እኔ ለማን ብዬ ስማቅቅ ኖርኩ? እኔን ሐዘኔ አይደለም የሚገድለኝ፣ እነሱ እንዳልነበሩ መቆጠሩ ነው። ስማቸውን ጻፉልኝ» አለችኝ። ከዚያም እንባ ሳይኖራት፣ ስንት ዓመት ስትለማመደው እንደኖረች ሁሉ፣ አንድ በአንድ ነገረችኝ።

እንግዲህ ሰባተኛው ገጽ ላይ የጎደለው ይህ ነው። ነሐሴ 9 ቀን 1993 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከመንደራችን በላይ ያለው ተራራ ተንዷል። ሁለት ቤት ተቀብሯል። ቢራራ የተባለ የሠላሳ አራት ዓመት ገበሬ፣ ልጁም ማንጠግቦሽ፣ የሰባት ዓመት፣ ሞተዋል። እሱን በሁለተኛው ቀን አገኘነው። እሷን በአምስተኛው ቀን ያገኘኋት እኔ ነኝ፤ ቀሚሷን ይዤ ነው የሳብኳት። ያን ጊዜ የተናደው የተራራው ጫፍ ብቻ ነው። ዛሬ የተሰነጠቀው ወገቡ ነው፤ ስፋቱ ትናንት ሲለካ ሁለት ስንዝር ከሦስት ጣት ሆኗል፣ ዝናቡም ገና ሰኔ ነው። ይህን ቃል የምሰጠው ያኔ «የለም» ያልኩት እኔው ስለሆንኩ ነው፤ ከእኔ የተሻለ የሚሽረው ሰው የለም።

ደህና ነኝ የምትለዋን መስመር የዘለልኩት ለዚህ ነው። ደህና አይደለንም። እንዲህ ብሎ መጻፍ ለእኔ ምላሴን ከመቁረጥ ይከብዳል፤ እንደ ሟርት ይሰማኛል፤ ግን ደህና አይደለንም፣ ፈርተናል፣ ልጆቻችን ቆመው ነው የሚበሉት፣ ሰማዩ በዳመነ ቁጥር መንደሩ ሁሉ ከነሥራው በር ላይ ይወጣና ተራራውን ያያል። ጥናትዎ ይሁን፣ ካርታዎም ይሰቀል፤ ቀለሙን ለመቀየር 2009ን እንጠብቃለን። ሰዎቹ ግን መጠበቅ አይችሉም። ላይ ሜዳን ለአንድ ክረምት ብቻ ሰው እንዲያድርበት ይፍቀዱልን፤ መስከረም ሲጠባ በጎቻችንን ይቅርታ ጠይቀን እንወርዳለን።

ሊያዩትም ከፈለጉ ይምጡ። ብቻ በመኪና አይምጡብን። በእግርዎ ይምጡ፤ እኛም ወጋችን ነውና እስከ ስንጥቁ አፋፍ እንሸኝዎታለን።

በታላቅ አክብሮት፣ በተሰበረ ልብ፣ ቀድሞ በሰጠው ሐሰተኛ ምስክርነት በሚያፍር፣ የአሁኑ እውነተኛ ቃሉም እንዲታመን በሚማጠን እጅ፣ ሥልጣንዎ እንዲረዝም፣ ብዕርዎም ከሐምሌ በፊት ቀለም እንዲገኝለት የዘወትር ጸሎቱ የሆነ፣ ከስጋት ነፃ መሆኑ በማኅተም የተረጋገጠለት ታዛዥዎ፣

መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለናዳ ሥር ቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ግድግዳው እስካለ ድረስ፤
በደባርቅ መናኸሪያ ለሚያልፍ መንገደኛ ሁሉ፤
በዳባት ለሚኖሩ ዘመዶቻችን፣ በድንገት እንግዳ ልንሆንባቸው ስለምንችል።

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ካሸግሁ በኋላ መልሼ የከፈትኩት፣ አደጋ በደረሰ በሦስት ቀን ውስጥ ጽሕፈት ቤትዎ የሟቾችን ሙሉ ስምና ዕድሜ ለበላይ አካል ማቅረብ እንዳለበት ስለሰማሁ ነው። በክረምት መንገዱ ዝግ ነው፣ ያን ጊዜም ስም የሚነግራችሁ ሰው ላታገኙ ትችላላችሁ። ስለዚህ እንዳትቸገሩ የመቶ ስድሳ አራታችንን ስም ከነዕድሜያችን በንጹሕ እጅ ጽፌ አባሪ አድርጌያለሁ። በተራ ቁጥር 97 ላይ የስሙ ቦታ ባዶ የሆነው በስሕተት አይደለም። የትሕትና ልጅ ናት፤ ግንቦት 1 ቀን ስለተወለደች ሰማንያ ቀኗ የሚሞላው ሐምሌ 20 ነው፣ ስም የምናወጣላትም በዚያን ዕለት፣ ክርስትና ስትነሣ ነው። እስከዚያ ካለን አሟልቼ እልክልዎታለሁ።